በስልክ ያስቆረጥኩት ዋንዛ

ከዲላ ወደ አሪቻ የሄድኩት አንድ ዲሽ ልጠግንና ለአንድ ሰው ልመሰክር ነበር። ዲሹን ጠግኜ ተመልሻለሁ። ስለ ምስክርነቱ ግን ለማንም ሳላወራ ቆየሁ። ዛሬ ልጽፈው የተነሳሁት ሆዴ ውስጥ ማደሩ ስለመረረኝ ነው።

ስሜ ነስሩ ነው፤ ዲላ ውስጥ «ነስሩ ዲሽ» ካላሉ ግን የሚያውቀኝ የለም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈተው የጨርቅ ሱቅ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ይገኛል። እኔ በሱቁ ጥግ ሪሲቨርና ኬብል መሸጥ ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስ ጨርቁ ወደ ጥግ ሄደና ዲሹ መሀሉን ያዘ። ያን ጊዜ ለገጠሩ መብራት እየገባለት ነበር። ቡና ጥሩ ዋጋ ባወጣ ዓመት ገበሬው መጀመሪያ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ዲሽ ይገዛል። ከአሪቻው ጋሽ በራሶ ጋር የተዋወቅነውም እንዲሁ ነው። ጥር ላይ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ተከልኩላቸው።

ሚያዝያ ላይ ደወሉልኝ። በዚያ ሰዓት ሱቁ በራፍ ላይ ዳማ እየተጫወትኩ ነበር፤ እያሸነፍኩም ነበር።

«ነስሩ፣ ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ይጠፋብናል» አሉኝ።

«ዲሹ ፊት ለፊት ዛፍ አለ?»

«አለ፤ ዋንዛ አለ።»

«በቃ እሱ ነው። ቅጠሉ ውሃ ሲይዝ ይጋርደዋል» አልኳቸውና ወደ ዳማዬ ተመለስኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ አገሩ ሩቅ ነበር፣ ጨዋታው ጥሞኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ጋሽ በራሶ ዋንዛውን ቆረጡት። እኔ ይህን የሰማሁት መስከረም ማብቂያ ላይ እንደገና ሲደውሉ ነው። ዛፉን የተከሉት አባታቸው ናቸው። አባትየው ሲሞቱ መሬቱ ለሁለት ወንድማማቾች ተከፈለ፤ ዋንዛው ድንበሩ ላይ ቆሞ የሁለቱንም ቡና ያጠላ ነበር። ጌዴኦ አገር ደግሞ አሮጌ ዛፍ ሶንጎ ሳይጠየቅ አይነካም። ሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ሸንጎ ነው። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጅግሶ ሶንጎ ከሰሷቸው፤ ከዚያ ወዲህም የወንድማቸውን ግቢ ረግጠው አያውቁም።

«ሐሙስ ይታያል» አሉኝ ጋሽ በራሶ። «መጥተህ ዛፉ ነው በላቸው። ባለሙያ የነገረኝን ነው ያደረግኩት ብያለሁ። ትልቋን ልጄን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በቅርቡ ይመጣሉ። ታላቄ ካልተቀመጠ ማን ይቀበላቸዋል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዲሹንም ታየዋለህ» ብለው ጨመሩ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዲላ መናኸሪያ

ረዳቱ «ወናጎ፣ ይርጋጨፌ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ገብቼ ስቆጥር የተቀመጥነው አራት ነን። ሁለት ሰው ቀረው ማለት ስምንት ሰው ቀረው ማለት እንደሆነ የዲላ ልጅ ሆኜ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። አሥራ ስምንት ብር ከፍዬ የዕቃ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቁሯል። ለአንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ተነሳን።

አጠገቤ አንድ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጧል። ከጎጃም መጥቶ ሦስተኛ ዓመት መሆኑን፣ ይርጋጨፌ ለጥናት መጠይቅ ሊያስሞላ እንደሚሄድ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከቦርሳዬ የወጣውን ኬብል አየና ሥራዬን ገመተ።

«ብሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላውንጅ ኳስ ስናይ ልክ ዝናብ ሲጀምር ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ለምንድን ነው?»

«ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል?»

«አዎ፣ ወዲያው።»

«እንግዲያው የሰማዩ ነው። ከሳተላይቱ የሚመጣው ሲግናል ደካማ ነው፤ ወፍራም ዝናብ ሲያገኝ ይዋጣል። ዲሹን ተለቅ ማድረግ፣ አቅጣጫውን አሳምሮ ማስተካከል ይረዳል፤ ጨርሶ ግን አይድንም። ዝናቡ አልፎ ምስሉ ካልተመለሰ ግን የሰማዩ ጥፋት አይደለም። ውሃ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ እሱ የሠራተኛው ጥፋት ነው።»

ይህን እንደ መምህር እየተኮፈስኩ ተናግሬ ሳልጨርስ ጋሽ በራሶ ትዝ አሉኝ። ይቺን አንድ ጥያቄ ጋሽ በራሶን አልጠየቅኳቸውም። ከዝናቡ በኋላስ? ሁለት ቃል ናት። ለማላውቀው ተማሪ በመኪና ውስጥ የምጠይቀውን ዲሼን ለገዛኝ ሰው በስልክ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ተማሪው ሌላም ጠየቀኝ፤ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

ወናጎ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። ባጃጆቹ ጭቃ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ሴቶች በመስኮት አቮካዶና ሙዝ ያቀርባሉ። አራት ሙዝ ገዝቼ አንዱን እንኳ ልልጠው አልቻልኩም። ከወናጎ በኋላ መንገዱ በግራና በቀኝ በእንሰት ይታጠራል። ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛውና ብርብራው አለ። ቤቶቹ በመሀል ተሸሽገው ቆርቆሯቸው አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ ይላል። ይህን መንገድ መቶ ጊዜ ሄጄበታለሁ። የዚያን ቀን ግን ዛፉን ሁሉ እያየሁ፣ እያንዳንዱ ስንት ዓመት እንደፈጀ እየገመትኩ ሄድኩ።

ይርጋጨፌ፣ ረፋድ

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ በላሁ። ወደ አሪቻ የሚያወጣኝ ሞተር ሳይክል ስፈልግ የመጀመሪያው ሰውዬ ሰማዩን አይቶ ስልሳ ብር አለኝ፤ ሁለተኛው አርባ አለኝ። በአርባው ወጣሁ። ሩቡን መንገድ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ የቀረውን ከኋላ እየገፋሁ ነው የጨረስኩት። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሁለቴ ተመልሼ አወጣሁት። ባለሞተሩ «ስልሳ ያለህ እኮ እውነቱን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቡና ማጠቢያው ጋ ስንደርስ የማድረቂያ አልጋዎቹ ባዶ ነበሩ፤ ሰዎች ከወዲሁ ወንፊቱን እየጠገኑ ነበር። ለቀማው ሊጀመር ምንም አልቀረውም።

አሪቻ

ከሁሉ ቀድሞ የታየኝ ጉቶው ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም ነበር። ዙሪያውን ያለው ቡና ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል፤ ጥላ የለመደ ቡና ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወድቅ እንዲህ ይሆናል። ጉቶው ላይ ወጥቼ ወደ ጣሪያው ተመለከትኩ። ዲሹ የሚያየው ከጉቶው በጣም ወደ ግራ ነው። ዋንዛው ቢበዛ አንድ ቅርንጫፉ ጠርዙን ይነካው እንደሆን እንጂ አይጋርደውም ነበር።

ጋሽ በራሶ ከቤት ወጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ከስተዋል። ያቺን ሁለት ቃል ጠየቅኳቸው።

«ከዝናቡ በኋላስ? ምስሉ ይመለስ ነበር?»

«አይመለስም። አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ፀሐይ ሲመታው ነው የሚመጣው።»

መሰላል አስጠግቼ ወጣሁ። ኬብሉ ዲሹ ላይ ካለው መቀበያ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጥቁር ፕላስተሩ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ኮኔክተሩን ስፈታው ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ የመዳቡ ሽቦ አረንጓዴ ሆኗል። ጥር ላይ ምን እንዳደረግኩ ትዝ አለኝ። ማሸጊያ ጎማው አልቆብኝ ነበር። የመጨረሻዋ መኪና እንዳታመልጠኝ ሁለት ዙር ፕላስተር ጠቅልዬ ወረድኩ። ኬብሉንም ውሃው ከመገጣጠሚያው በፊት እንዲንጠባጠብ ወደ ታች ቆልመም ማድረግ ሲገባኝ ቀጥ አድርጌ ነበር የሰቀልኩት። በጋ ስለነበር ምስሉ እንደ መስታወት ጠርቶ ታየ፤ ተመሰገንኩ፤ ሄድኩ።

የተበላሸውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር አሰርኩ፣ ጎማ አለበስኩት፣ ኬብሉን ቆለመምኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሳልወርድ ዝናቡ ጀመረ፤ እንደ ጌዴኦ ዝናብ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። ቤት ገብተን ቴሌቪዥኑን ከፈትነው። አንዲት ሴት በአረብኛ እያወራች ሽንኩርት ትከትፋለች። ጣሪያው ላይ ዝናቡ እስከማያነጋግር ድረስ ይወርዳል፤ ሴትዮዋ ግን አልጠፋችም። ጋሽ በራሶ እጃቸውን አጨበጨቡና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

«ታዲያ ዋንዛውስ?» አሉኝ።

«ዋንዛው አልነበረም፣ ጋሽ በራሶ። እኔ ነኝ። ውሃ የሚያስገባ ሥራ ሠርቼ ነው የሄድኩት።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር።

«ከቆረጥኩት በኋላ፣ ሰኔ ላይ የበልጉ ዝናብ ሲቀንስ ጠርቶ ነበር» አሉ ወደ ቴሌቪዥኑ እያዩ። «አየህ፣ ዛፉ ነበር አልኩ። እንደገና ሲጠፋ ለማንም አልተናገርኩም። በዝናብ ሰው ሲመጣ መብራት የለም እያልኩ አጠፋዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እዚያ ይህን አትናገር።»

«ጋሽ በራሶ…»

«አንተ ማታ ዲላ ነህ። እኔ እዚሁ ነኝ። ለጨዋታ ብሎ የአባቱን ዛፍ በከንቱ ጣለ ይሉኛል። ወንድሜ እስከ ቀብሬ አይመጣም።»

እሺ አልኩ። ለእሳቸው ስል ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግማሹ ለእሳቸው ነው። ግማሹ «ነስሩ ዲሽ ሥራው ውሃ ያስገባል» እንዳይባል ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሚከብድ እኔው አውቃለሁ።

ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። «ሥጋ ከእኛ ቤት እንደማትበላ አውቃለሁ፤ ቅቤውን ግን እኔው ነኝ የናጥኩት» አሉኝ። ብዙ ቅቤ አድርገውበታል።

ከሰዓት በኋላ፣ ሶንጎ

ዝናቡ ቀለል ሲል ወጣን። ሶንጎው ከመንደሩ ከፍ ብሎ፣ ትልልቅ ዛፎች መሀል ያለ የሣር ክዳን ጎጆ ነው። ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ውጭ ደግሞ ሊሰማ የመጣ ሰው ሙሉ ነው። የሚመሩትን «ሀይቻ» ይሏቸዋል፤ በጌዴኦኛ ሽማግሌ ማለት ነው። ፊታቸው የተሸበሸበ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

አቶ ጅግሶ መጀመሪያ ተናገሩ። በጌዴኦኛ ጀመሩና እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ መለሱት። «አባታችን ይቺን ዛፍ ውሃ ከታች ከወንዙ በቅል እያመጣ ነው ያሳደገ። እኔ ልጅ ሆኜ አብሬው ወርጃለሁ። ወንድሜ ጠዋት ሳልነሳ ጣላት። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ መሬት ላይ ናት። ለምን አልኩት፣ ለዲሽ አለኝ። ለዲሽ ዛፍ ይጣላል? ዋሽቶኛል አልኩ። ማገዶዋን ፈልጎ ነው አልኩ።» ወንድማቸውን አላዩም፤ ጋሽ በራሶም መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት።

ሀይቻው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ አናስምልም፤ ቃልህ ይበቃናል። ዛፏ ምስል ትከለክላለች ወይ?»

«ቅጠል ውሃ ሲይዝ ምስል ይከለክላል» አልኩ። ይህ እውነት ነው፤ የትም ቦታ ብጠየቅ የምለው ነው። እዚያ ላይ ቢተዉኝ ኖሮ በእውነት ተከልዬ እወጣ ነበር።

«ይቺኛዋስ? ከለከለች?»

አስምሉኝ ብዬ በልቤ ለመንኩ። ቢያስምሉኝ በአላህ ስም መዋሸት አልችልም፤ እውነቱን ለመናገር ሰበብ አገኝ ነበር። አላስማሉኝም።

«ከልክላለች» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አቶ ጅግሶ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ባለሙያ እንዲህ ካለማ ወንድሜ አልዋሸኝም» አሉ። «እኔ የተናደድኩት ለዛፏ ብቻ አይደለም፤ ዋሸኝ ብዬ ነው።» ሄደው ጋሽ በራሶን አቀፏቸው። ጋሽ በራሶ አለቀሱ። ሰዉ እፎይ አለ። ለምን እንደሚያለቅሱ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ቃላቸውን ሰጡ። ጋሽ በራሶ ሶንጎ ሳይጠይቁ በመቁረጣቸው ጥፋተኛ ናቸው፤ ድንበሩ ላይ ችግኝ ተክለው ያሳድጉ፤ ከወንድማቸውም ይታረቁ። ሀይቻው ቀጥለው ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ። ጋሽ በራሶ ጆሮዬ ላይ ተረጎሙልኝ። ዲሽ ያለው ሰው ባለሙያ «ዛፉ ነው የሚጋርደው» ካለ፣ ለሶንጎ ይንገር እንጂ ከእንግዲህ መቁረጥ አይከለከልም።

ያኔ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። አባቶቻቸው እንዳይነካ ብለው የጠበቁትን ዛፍ፣ እኔ በሁለት ዙር ፕላስተር ለመጋዝ አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። ተነስቼ መናገር እችል ነበር። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የታላቁ እጅ በታናሹ ትከሻ ላይ ነበር። አልተነሳሁም።

ስንወጣ አቶ ጅግሶ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወንድሜን መለስክልኝ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ትንሽ አብረውኝ ከሄዱ በኋላ «ዲሽ ግን ስንት ያወጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

ወደ ዲላ

ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ፤ ባለሞተሩ ቡና ማጠቢያው ጋ ይጠብቀኛል። እዚያ እስክደርስ ሦስት ሰዎች አስቆሙኝ። ሦስቱም ዲሽ አላቸው፤ የሦስቱም በዝናብ ይጠፋል። አንዲት ሴትዮ «ከቤቴ ኋላ ዋንዛ አለችኝ፤ እሷ ትሆን?» አሉኝ። ዲሻቸው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አያይም።

«እናቴ፣ ምንም እንዳይቆርጡ። ዝናቡ ሲያልፍ ምስሉ ከተመለሰ ዛፉም ዲሹም ጤነኛ ነው። ካልተመለሰ ይደውሉልኝ፤ መጥቼ ኮኔክተሩን አያለሁ፤ በነፃ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ዛፉ ላይ ነበር። ለሦስቱም ስልኬን ሰጠሁ። የሰሙት ግን የእኔን አይደለም፣ የሶንጎን ነው።

ከይርጋጨፌ ዲላ ድረስ በር አጠገብ ተቀምጬ ዝናቡ በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ አረጠበኝ። ቦታ ቀይር ሲሉኝም አልቀየርኩም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄ ደረስኩ። ዳማው በራፉ ላይ ተዘርግቶ ጎረቤቴ ይጠብቀኛል። አሞኛል ብዬ ገባሁ።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩትን ለሚተክል ሁሉ እናገራለሁ። በስልክ በሽታ አይታወቅም። ከዝናቡ በኋላ ምን እንደሚሆን ሳትጠይቁ አፋችሁን አትክፈቱ። ጎማ ከሌላችሁ አትትከሉ፤ መኪናዋ ትለፋችሁ። ሌላውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ውሃው የገባው በእኔ እጅ ሆኖ ሳለ ዛፍ ተወነጀለ፤ እኔም ዛፍ አፍ የለውም ብዬ መሰከርኩበት። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። የኔው እያደር ሲከብድ ነው ያየሁት።

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ከተሸጠ በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ። «ጅግሶ ነኝ፤ የበራሶ ታላቅ» አሉኝ። የልጅቷ ሽማግሌዎች መጥተው እንደነበር፣ ራሳቸው ተቀምጠው እንደተቀበሏቸው ነገሩኝ። በእውነት ደስ አለኝ።

«አሁን ደግሞ ዲሽ እፈልጋለሁ። ትልቁን አምጣልኝ።»

«እሺ፣ መጀመሪያ መጥቼ ቦታውን ልየው። እስከዚያ ምንም ነገር እንዳይነኩ፣ አቶ ጅግሶ» አልኩ በጥድፊያ።

«ቦታው አልቋል፤ አንተ እንዳትቸገር» አሉኝ። «ከቤቴ ፊት ሁለት ብርብራ ነበሩ። ሶንጎ ነግሬ ትናንት ቆረጥናቸው፣ ከበራሶ ጋር። መጀመሪያ ተው ብሎኝ ነበር። አንተ የቆረጥከውን እኔ ብቆርጥ ምን አለበት አልኩት። ከዚያ የመጋዙን አንድ ጫፍ ያዘልኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ሁለቴ «ሃሎ» አሉ።

«መቼ ትመጣለህ?»

ቅዳሜ አልኳቸው።